ለክፉ ቀን የሚሆን የአደን ቀስት፦ ኮምፓውንድ፣ ክሮስቦው ወይስ ሪከርቭ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 መብራት ጠፍቶ ቧንቧው ሁሉ በረዶ ሲሠራ ሦስት ልጆች ይዘን ያሳለፍነውን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ውኃና ደረቅ ምግብ አስቀምጣለሁ። ጠመንጃ ቤቴ ማስገባት ስለማልፈልግ ለአደንም ለክፉ ቀንም የሚሆን ቀስት ልገዛ አስቤያለሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ አውታሩን ለመሳብ 70 ፓውንድ ኃይል የሚጠይቅ ኮምፓውንድ በቅናሽ አግኝቻለሁ። ጓደኛዬ ግን እንደ ጠመንጃ በቃታ የሚተኮሰው ክሮስቦው ይሻልሃል ይለኛል። ቀስት ይዤ አላውቅም፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ73 ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንን 70 ፓውንድ ቀስት ቅናሹ የፈለገውን ያህል ቢሆን ይተዉት። ለእርስዎ የሚሆነው እጀታውና ሁለቱ ክንፎቹ ተፈታትተው የሚገጣጠሙ ሪከርቭ ነው፤ ጫፎቹ ወደ ፊት የተቆለመሙት ዓይነት። መጀመሪያ 30 ፓውንድ ክንፍ ይግዙለት። ጀርባዎና ትከሻዎ ሲለምዱ በዚያው እጀታ ላይ 45 ይቀይሩበታል። ከቀስቱ የሚተርፈውን ገንዘብ ደግሞ ፍላጻ ላይ ያውሉት።

ኮምፓውንድን የማጣጥል እንዳይመስልዎ። የሚዙሪው ሆለስ አለን እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብቱን ካገኘ ወዲህ የአሜሪካን የቀስት አደን የለወጠው እሱ ነው። ጫፎቹ ላይ የሚዞሩት ካም የሚባሉ መንኮራኩሮች ሸክሙን ስለሚያቀሉ፣ 60 ፓውንድ የሚሳብ ቀስት ሙሉ በሙሉ ከተሳበ በኋላ እጅ ላይ የሚቀረው 12 ፓውንድ ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ጀማሪም ተረጋግቶ ያነጣጥራል። ጥያቄዎ በየዓመቱ ወቅቱን ጠብቆ አጋዘን ማደን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ኮምፓውንድ ይግዙ ነበር የምልዎ።

እርስዎ የጠየቁኝ ግን ሱቅ ስለሚዘጋበት ቀን ነው። ኮምፓውንድ አውታሩ ሲበላ ወይም ካሙ ሲጣመም ቤት ውስጥ የሚጠገን ዕቃ አይደለም። አውታሩን ለመለወጥ ክንፎቹን አጉብጦ የሚይዝ ፕሬስ ያስፈልጋል። ከለወጡት በኋላም ሁለቱ ካሞች እኩል እንዲዞሩ መስተካከል አለባቸው። ለጥገና ከሚመጡልኝ ቀስቶች ብዙዎቹ የተበላሹት አንድ ዘመድ ወይም እንግዳ “እስቲ ልሞክረው” ብሎ ያለ ፍላጻ ስቦ ስለለቀቃቸው ነው። ፍላጻው ይዞት ሊሄድ የነበረው ኃይል ወደ ክንፎቹ ይመለሳል፤ ክንፍ ይሰነጠቃል፣ አውታር ይወረወራል፣ ሰውም ይጎዳል። ይህ ለየትኛውም ቀስት እውነት ነው። ስለዚህ ልጆችዎን ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሯቸው “ፍላጻ የሌለበት ቀስት አይለቀቅም” የሚለውን ይሁን።

የጓደኛዎን ክሮስቦው በተመለከተ፣ ትከሻው ለታመመና አውታር ስቦ መያዝ ለማይችል ሰው ጥሩ ነው፤ እንደዚያ ለሆነ ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። እርስዎ ግን ጠመንጃ የማይፈልጉት ለልጆቹ ብለው ይመስለኛል። አንዴ ተስቦ የተቆለፈ ክሮስቦው ቃታው እስኪሳብ ድረስ ኃይሉን ይዞ ይጠብቃል። ብዙዎቹ ደግሞ ካልተተኮሱ አይፈቱም። ሪከርቭ እጅዎ ካልሳበው ምንም ኃይል የለውም።

የሪከርቭ ጥቅሙ የሚበላሽ ነገሩ ትንሽ መሆኑ ነው። አንድ እጀታ፣ ሁለት ክንፍ፣ ሁለት ብሎን፣ አንድ አውታር፤ ሌላ ነገር የለውም። መለዋወጫ አውታር ኪስ ውስጥ ይገባል፤ በማወጠሪያ ገመድ ደግሞ ቤትዎ ሆነው በደቂቃ ይለውጡታል። ሳሚክ ሴጅ የተባለው የጀማሪዎች ቀስት 62 ኢንች ሲሆን ክንፎቹ ከ25 ፓውንድ ጀምሮ በአምስት አምስት እየጨመሩ ይገኛሉ። አቅም ከፈቀደ አይኤልኤፍ የሚባለው አገጣጠም ያለውን እጀታ ይግዙ፤ የአንዱ ፋብሪካ ክንፍ ለሌላው እጀታ ስለሚሆን አንዱ ማምረት ቢያቆም ከሌላው ያገኛሉ።

ክንፉ ላይ የተጻፈው ፓውንድ አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ የሚለካ ነው። እርስዎ ምን ያህል እንደሚስቡ ለማወቅ ሁለት እጅዎን በአግድም ዘርግተው ከአንዱ መሐል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ያስለኩ፤ የተገኘውን ለ2.5 ያካፍሉ። የክንድዎ ስፋት ከቁመትዎ ጋር እኩል ከሆነ ወደ 27 ኢንች ይመጣል። በእያንዳንዱ ኢንች ከሁለት እስከ ሦስት ፓውንድ ስለሚጨምር ወይም ስለሚቀንስ፣ 45 የተባለው ክንፍ በእርስዎ እጅ 42 ገደማ ይሆናል። በደንብ ለተሳለ ፍላጻና ለቅርብ ርቀት አጋዘን ይህ ይበቃል። ኮሎራዶን የመሰሉ ስቴቶች ዝቅተኛውን መጠን በሕግ ይወስናሉ፤ እዚያ 35 ፓውንድ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩ እንዲህ ያድርጉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀስቱን ቀጥታ ወደ ዒላማው ይያዙ። ወደ ሰማይ ሳያነሱ፣ ወገብዎን ሳያጣምሙ አውታሩን እስከ አገጭዎ ይሳቡ፤ እስከ አሥር ቆጥረው በቀስታ ይመልሱ። ክንድዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም ለመሳብ ቀስቱን ወደ ላይ ማንሳት ካስፈለገዎ ከበደዎ ማለት ነው፤ በአምስት ፓውንድ ይውረዱ። ይህን የሚያደርጉት ጠግበው በሞቀ ክፍል ውስጥ መሆኑን አይርሱ። በብርድ፣ በወፍራም ጃኬት፣ ሆድ ባዶ ሲሆን ያው ቀስት ሌላ ቀስት ይሆናል። በ70 ፓውንድ የሚጀምር ሰው ገና በመጀመሪያው ወር ትከሻውን አሞት ቀስቱን ጓዳ ውስጥ ሲጥለው ስንቴ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ፍላጻ። እንስሳውን የሚገድለው ቀስቱ አይደለም። ደግሞም ጥሩ ቀስት ባልተስማማው ፍላጻ አይመታም። ካርቦን ፍላጻ ላይ 400፣ 500፣ 600 የሚል ቁጥር ያያሉ፤ የጥንካሬው ልክ ነው። ፍላጻውን 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ አጋድመው መሐሉ ላይ 880 ግራም ሲያንጠለጥሉበት፣ 500 የተባለው ግማሽ ኢንች ይጎብጣል፤ 600ው ደግሞ ከዚያ በላይ። ቁጥሩ ሲያንስ ፍላጻው ይደድራል ማለት ነው። ለእርስዎ 42 ፓውንድ 500 ወይም 600 ነው የሚሆነው፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን ሙከራ ነው።

ሙከራውን ራስዎ ያድርጉት። ከአንድ ዓይነት ፍላጻ ላባ ያላቸውን ሦስትና ላባው የተላጠለትን አንድ ይዘው ከ10 እስከ 15 ያርድ ይተኩሱ። ቀኝ እጅ ከሆኑና ላባ የሌለው ከሌሎቹ ወደ ግራ ከወጣ ፍላጻው ደድሮብዎታል፤ ከበድ ያለ የብረት ጫፍ ያድርጉበት። ወደ ቀኝ ከወጣ ለስልሷል፤ ቀለል ያለ ጫፍ ይሞክሩ ወይም ፍላጻውን በትንሽ በትንሹ ያስቆርጡት። ላባ ያለውና የሌለው ጎን ለጎን መሰካት ሲጀምሩ ቀስቱና ፍላጻው ተግባቡ ማለት ነው። በዚያው ልክ አንድ ደርዘን ያሠሩ።

ሙሉ ክብደቱ ከነጫፉ ከ400 ግሬን፣ ማለትም ከ26 ግራም አይነስ። ቀላል ፍላጻ ይፈጥናል፤ ግን ቶሎ ይቆማል፤ ቀስቱንም ያንገጫግጨዋል። ለአደን የሚሆነው ጫፍ ሁለት ስለት ያለው፣ የማይከፈት የማይዘጋ ብሮድሄድ ነው። ሲመታ የሚዘረጋው ዓይነት ለመከፈት ራሱ ኃይል ስለሚወስድ ለ42 ፓውንድ አይሆንም። የቴክሳስ ደንብ ቢያንስ ሁለት ስለትና 7/8 ኢንች ስፋት ይጠይቃል።

ካርቦን ፍላጻ ካልመታ ወይም ድንጋይ ካገኘ በኋላ ሳይፈትሹ ዳግም አይተኩሱት። ሁለቱን ጫፍ ይዘው በቀስታ ከፊትዎ አርቀው ያጉብጡት፤ ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ይድገሙት፤ ጆሮዎን ይስጡት። የሚሰነጠቅ ድምፅ ከሰሙ፣ ወይም በጥፍርዎ ሲዳብሱት የሚይዝ መስመር ካገኙ ሰብረው ይጣሉት። የተሰነጠቀ ካርቦን በሚተኮስበት ቅጽበት ተበታትኖ ቀስቱን በያዘው እጅ ውስጥ ይሰካል። የሃያ ዶላር ፍላጻ ለማትረፍ ብሎ እጁን የሚያጣ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

ርቀትዎ ከ15 ያርድ እንዳያልፍ፤ 14 ሜትር ገደማ ነው። ፍላጻ እንደ ጥይት በምቱ ኃይል ሳይሆን ደም በማፍሰስ ነው የሚገድለው። ስለዚህ አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም፣ ከፊት እግሩ ትንሽ ወደ ኋላ ሳምባው ላይ ማረፍ አለበት። በሳህን ስፋት ውስጥ አምስቱንም ፍላጻ በተከታታይ እስኪያገቡ ድረስ ሕይወት ባለው ነገር ላይ አይተኩሱ። ከመቱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ ይጠብቁ፤ ቶሎ ካባረሩት ሩቅ ሄዶ ሞቶ ይጠፋል፤ ሥጋውም ነፍሱም በከንቱ ይባክናል።

ማን ምን እንደሚበላም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ምክሮች ጥንቸልና የዱር አሳማ ይላሉ። ቴክሳስ ውስጥ ከ2019 ሴፕቴምበር ጀምሮ የመሬቱ ባለቤት ከፈቀደ የዱር አሳማ ለማደን ፈቃድ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ኦርቶዶክስ ለሆነም ሙስሊም ለሆነም ቤት ምን ይጠቅማል? ኦርቶዶክስ ቤት ጥንቸልም አይበላም። የሚቀረው አጋዘን ነው። በፍላጻ ወድቆ ስለሞተ እንስሳ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ሳይርብዎት፣ የንስሐ አባትዎን ወይም ሼኽዎን ይጠይቁ። ለአጋዘን ፈቃድ የግድ ነው፤ ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርትም መውሰድ አለበት። ችግር መጣ ተብሎ ይህ ሕግ አይነሳም። የዱር እንስሳትን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት፣ የቴክሳስ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍን፣ የየዓመቱን ደንብ ያንብቡ፤ ከተማዎ ቀስት መተኮስን ይከልክል አይከልክልም ይጠይቁ።

ቅደም ተከተሉንም ሳልደብቅ ልንገርዎ። እንደ 2021ዱ ዓይነት ማዕበል ሲመጣ ማንም በበረዶ ወጥቶ አጋዘን አይፈልግም። ያኔ ብዙ ሰው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ፣ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባለው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ተጎድቷል። በባትሪ የሚሠራ የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ከሌለ፣ ከቀስቱ በፊት እሱን ይግዙ። ቀስት የዓመታት ሙያ ነው፤ ዛሬ ካልተለማመዱት ያን ቀን አያድንዎትም።

አያያዙ ቀላል ነው። በቴክሳስ በጋ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ሙቀቱ የክንፎቹን ማጣበቂያ ያለቅቃል። ሲያወጥሩት በማወጠሪያ ገመድ እንጂ በእግርዎ መሐል አሳልፈው በማጉበጥ አይሁን፤ ክንፍ የሚጣመመው በዚህ ነው። አውታሩን በየጊዜው ሰም ይቀቡት፤ አውታሩ ላይ የተጠመጠመው ክር ከላላ ይለውጡት። ያገለገለ ቀስት ከገዙ ተወጥሮ ሳለ ከጫፉ በኩል አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ይመልከቱ፤ አውታሩ በሁለቱም ክንፎች መሐል ለመሐል ካላረፈ አይውሰዱት።

የክንድዎን ስፋትና የትኛው ዓይንዎ እንደሚያነጣጥር ይላኩልኝ። ይህን ለማወቅ በሁለት መዳፍዎ መሐል ትንሽ ቀዳዳ ሠርተው በሁለት ዓይን አንድ ሩቅ ነገር ይዩ፤ ከዚያ ተራ በተራ ይጨፍኑ፤ ነገሩን ይዞ የሚቀረው ዓይን እሱ ነው። ቀኝ እጅ ሆነው ግራ ዓይንዎ ከበለጠ የግራ እጅ ቀስት ሊሻልዎት ስለሚችል፣ ከመግዛትዎ በፊት እንነጋገርበት።