ስዊዘርላንድ ልትመጪ ላሰብሽው እህቴ፦ የ14 ዓመት ኑሮዬን ልንገርሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ነው ያነበብኩት። ባለቤትሽ ዙሪክ አካባቢ ነው፤ የቤተሰብ ወረቀታችሁም አልቋል። አንቺ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ጥሩ ሥራ አለሽ። የ11 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉሽ። «ሁሉም ገነት ናት ይሉኛል፤ እዚያ ያሉት ግን ስልክ ላይ ድምፃቸው ደክሟል። እውነቱን የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብለሻል። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች በአብዛኛው «ነይ እንጂ፣ ምን ታስቢያለሽ» ነው ያሉሽ። እኔ ትንሽ ላስረዝመው።

የምኖረው ዊንተርቱር ነው። ከዙሪክ በባቡር 25 ደቂቃ ቢሆን ነው። ከመጣሁ 14 ዓመቴ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ነኝ። እኔም ሁለት ልጆች አሉኝ።

በጥሩው ልጀምር። ትንሿ ልጄ በ5 ዓመቷ ኪንደርጋርተን በእግሯ ለብቻዋ መሄድ ጀመረች። መኪና እንዲያያቸው አንገታቸው ላይ አንጸባራቂ ያደርጉላቸዋል። አስተማሪዋ ጠርታ «እስከ በሩ ድረስ አታምጫት፣ መንገዱን ራሷ ትልመደው» አለችኝ። ደነገጥኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ግንብ ለግንብ እየተደበቅኩ ከኋላ ተከተልኳት። ልጆቹ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም እንዳይሻገሩ ነው የሚማሩት። ሾፌሮቹም ይህን ያውቃሉ። ዜብራው ጋ ስትደርስ ቆመች። መኪናው ቀጥ አለ። ሾፌሩ ጠበቃት። ተሻገረች። እናቴ መገናኛ ላይ እጄን ጨብጣ ስታሻግረኝ እጇ እንዴት ያልበው እንደነበር ትዝ አለኝና መንገድ ላይ አለቀስኩ። ስለዚህች አገር ክፉ ነገር ስሰማ ሁልጊዜ ያቺን ጠዋት አስታውሳለሁ።

ባቡሩም እንደሚወራለት ነው። የአንዱ መስመር ሰዓት ከሌላው ጋር ተገጣጥሞ ስለሚሠራ ከአንዱ ወርደሽ ሌላው ሲጠብቅሽ ታገኚዋለሽ። ከሌሊት ተረኛነት ስወጣ ቤት የምደርስበትን ደቂቃ አውቀዋለሁ። (ከኛ ቀጥሎ ፍራውንፌልድ የምትባል ከተማ አለች። የአጼ ምኒልክ አማካሪ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1894 የጅቡቲውን ባቡር ፈቃድ ያገኘው አልፍሬድ ኢልግ የዚያች ከተማ ልጅ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አስበዋለሁ።)

ቀበሌያቸውም ደስ ይላል። በመጣሽ በ14 ቀን ውስጥ ሄደሽ ትመዘገቢያለሽ። የምታውቂው ሰው አያስፈልግሽም። «ነገ ተመለሺ» የሚልሽ የለም። ቁጥር ትወስጃለሽ፣ ትጠራለሽ፣ ትጨርሻለሽ። እኔ አዲስ አበባ ለአንድ ማስረጃ ስንት ቀን እንደተመላለስኩ ስለማስታውስ፣ ይህ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው ክብሩ ተጠብቆ ጉዳዩን መጨረስ መቻሉ ትልቅ ሀብት ነው።

አሁን ወደሚያደክመው ልምጣ። ስልክ ላይ የምትሰሚው ድካም ግማሹ ከፖስታ ሳጥን ነው የሚመጣው። እዚህ አገር ሁሉም ነገር በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ማስታወሻ፣ ማስታወሻው ካለፈ ቅጣት፣ ከዚያ በትራይቡንግ የሚሉት የዕዳ ክስ ይመጣል። እኔ በሁለተኛው ዓመቴ የ180 ፍራንክ የሐኪም ቢል ሳልከፍል ቀረሁ። ገንዘቡ ነበረኝ። ደብዳቤው ስላልገባኝ ነው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት። ዕዳ መዝገብ ላይ ስሜ ገባ። በኋላ ሰፋ ያለ ቤት ስንፈልግ አከራዮቹ የዚያን መዝገብ ወረቀት ይጠይቃሉ። ሦስት ቤት በዚያ ምክንያት አመለጠን። መዝገቡ ለ5 ዓመት ይታያል። «ሳላውቅ ነው» ብለሽ የምታስረጂው ሰው የለም። ያኔ ገባኝ። ያ ቁጥር ይዤ የተስተናገድኩበት ሥርዓት ፊቴን አይቶ እንደማያጉላላኝ ሁሉ፣ ፊቴን አይቶም አይምረኝም። ስለዚህ ያልገባሽን ደብዳቤ በዚያው ቀን ሰው አስነብቢ። ቢል መክፈል ካልቻልሽ ደውለሽ ከፋፍዬ ልክፈል በይ። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ዝም ማለት ነው የሚጎዳው።

የጤና ኢንሹራንሱን በደንብ ስሚኝ። ግዴታ ነው። ከመጣሽ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለብሽ፤ ክፍያው ግን ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ ነው የሚታሰበው። ለኔ ይህን የነገረኝ ስላልነበረ የ3 ወሩ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አሁን ለራሴ ብቻ በወር ከ400 ፍራንክ በላይ እከፍላለሁ። ይህን ከፍለሽም ሐኪም ቤት ስትሄጂ መጀመሪያ ከኪስሽ የምትሸፍኚው አለ፤ ፍራንሺዝ ይባላል። ለአዋቂ ትንሹ በዓመት 300 ፍራንክ፣ ትልቁ 2,500 ነው። ትልቁን ከመረጥሽ ወርሃዊው ይቀንሳል። ከታመምሽ ግን ጉድ ፈላ። ከዚያ በላይ ካለው ደግሞ 10 በመቶው ያንቺ ነው፣ በዓመት እስከ 700 ፍራንክ። ለልጆች ፍራንሺዝ የለም። ተራ የጥርስ ሕክምና ግን አይሸፈንም። ስለዚህ የራስሽንም የልጆቹንም ጥርስ እዚያው አሳክመሽ ነይ። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ካንቶኑ (እንደኛ ክልል ማለት ነው) ወርሃዊውን ይደጉማል። ባለቤትሽን አመልክተህ ታውቃለህ ወይ ብለሽ ጠይቂው። ለዓመታት ሳያመለክቱ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ደመወዜ ከ4,000 ፍራንክ ትንሽ ከፍ ይላል። አገር ቤት ይህን ቁጥር ስናገር ሰው ይደነግጣል። ኪራዬ ግን 1,850 ነው። ትንሽ ልጅ ሙሉ ቀን መዋያ ካስገባሽ በቀን ከ100 ፍራንክ በላይ ይጠይቁሻል። አንቺን ከዚህ የሚያድንሽ የ5 ዓመቱ ልጅሽ ኪንደርጋርተን መግባቱ ነው፤ እሱ ነፃ ነው። ቢሆንም ለምሳ ቤት ይመጣሉ። አንድ ወላጅ እኩለ ቀን ላይ ቤት አለ ተብሎ የተሠራ አገር ነው። ያ ወላጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ እናት ናት። ሴቶች በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1971 መሆኑን ስሰማ መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። የሠለጠነ አገር በሁሉም ነገር ቀድሞ የሄደ ይመስለን የለ?

ጎረቤትን በተመለከተ ብዙ ታሪክ ትሰሚያለሽ። እውነት ነው። ልብስ ማጠቢያው የጋራ ነው፣ ቀን ይደርስሻል፤ በኔ ሕንፃ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ነው። እሑድ ጠርሙስ መጣያው ጋ ሄደሽ አትወረውሪም። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው። ቆሻሻ የሚጣለው ቀረጥ በተከፈለበት ከረጢት ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ይለመዳል። ከሱ የሚከብደው ሌላ ነው።

እናቴ ያረፈች ጊዜ መርዶውን የሰማሁት ማታ ነው። መሥሪያ ቤቴ 3 ቀን ፈቃድ ሰጠኝ። የሥራ ጓደኞቼ ሁሉም የፈረሙበት ካርድ በፖስታ ላኩልኝ። አንድም ሰው በሬን አላንኳኳም። ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ሐዘንተኛን ብቻውን መተው እነሱ ዘንድ አክብሮት ነው። እኔ ግን ሰው ነበር የምፈልገው። ደግነቱ ሐበሻው ሰማ። እንጀራውን፣ ንፍሮውን፣ ቴርሞሱን ይዞ ቤቱን ሞላው። እንደ ወጋችን ተለቀሰ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የታችኛው ጎረቤቴ መጥቶ ደወለ። ሊቆጣ ነው የመጣው፣ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «እናቴ ሞታ ነው» አልኩት። ቆሞ ቀረ። ይቅርታ ብሎ ወረደ። ጠዋት በሬ ላይ ሻማና አጭር ወረቀት አገኘሁ። ለ6 ዓመት ደረጃ ላይ «ግሩዬትሲ» (ጤና ይስጥልኝ) ከመባባል በቀር ምንም አውርተን አናውቅም ነበር። አሁን ፋሲካ ሲመጣ ድፎ እሰጠዋለሁ። እሱም ስንሄድ አበቦቼን ያጠጣልኛል። 6 ዓመት መፍጀቱ ግን እስካሁን ያሳዝነኛል።

አገር ቤት ጎረቤት ጨው የሚሰጥሽ ስለሚወድሽ ብቻ አይደለም፤ ነገ እሱም ካንቺ እሳት ስለሚጭር ነው። እዚህ እሳት የሚጭር የለም። ጡረታው አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ አምቡላንሱ ይመጣል። ማንንም ሳትለምኚ ትኖሪያለሽ፤ የሚለምንሽም የለም። እኔ ይህን በየቀኑ ሥራዬ ላይ አያለሁ። አረጋውያኑ ክፍላቸው ንጹሕ ነው፣ መድኃኒታቸው በሰዓቱ ነው፣ ምግቡ ጥሩ ነው። የምንንከባከባቸውም ከልባችን ነው። አንዳንዷ ግን ልጇ በወር አንዴ በቀጠሮ ነው የሚመጣላት። ሳጥባት እጄን ይዛ አትለቀውም።

ደግሞ አንድ አዛውንት ነበሩ። ቡና አብሬያቸው እጠጣለሁ። አንድ ቀን ልጅነታቸውን ነገሩኝ። አባታቸው ሲሞት እናታቸው ድሃ ስለነበሩ ቀበሌው ልጆቹን ወስዶ ለገበሬዎች ሰጣቸው። እሳቸው በ7 ዓመታቸው ላም ያልባሉ፣ በረት አጠገብ ይተኛሉ፣ ይገረፋሉ። ፈርዲንግኪንደር ይሏቸዋል። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹና ከዚያም በኋላ ድረስ በብዙ ሺህ ልጆች ላይ ተደርጓል። ሁሉም በሕግ፣ በማኅተም፣ በመዝገብ ነበር። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከዚያም በሕይወት ላሉት 25,000 ፍራንክ እንዲሰጥ ሕግ ወጣ። አዛውንቱ «ገንዘቡን ወሰድኩ፤ የፈለግሁት ግን መዝገቡን ማየት ነበር» አሉኝ። መዝገቡን አገኙት። እናታቸው «ልጄን መልሱልኝ» ብለው የጻፉት ደብዳቤ ውስጡ ተያይዞ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥላኛለች ብለው ነው የኖሩት። አብረን አለቀስን። ከዚያ ወዲህ «ይህ አገር ከጥንትም እንዲህ ነው» የሚለኝን ሰው አላምንም። ሥርዓቱ አሁን ለልጄ መኪና ያስቆምላታል፤ ያኔ የእሳቸውን እናት አልሰማም።

ስለዚህ ብትጠይቂኝ፣ ነይ እልሻለሁ። እኔም ዛሬ ዳግም ምረጪ ብባል እመጣለሁ። ግን ሰው ይዘሽ ነይ። ቤተ ክርስቲያን ካለሽ ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ሂጂ። የእኛ ማኅበር ከፈረንጆቹ በተዋሰው አዳራሽ ነው የሚሰበሰበው፤ እድርም አለን። ልጆች አማርኛ የሚማሩት እዚያ ነው። «መጀመሪያ ቋንቋ ልማር፣ ሥራ ልያዝ፣ ከዚያ ሰው አያለሁ» ያሉ እህቶች አሉ። ሰው ሳያዩ 5 ዓመት አለፈባቸው።

ጀርመንኛውን ከዛሬ ጀምሪ። በቤተሰብ ወረቀት ስትመጪ መሥራት ይፈቀድልሻል፤ ያለ ቋንቋ ግን የባንክ ልምድሽን ማንም አይቆጥርልሽም። አንድ ነገር እወቂ፤ ክፍል ውስጥ የምትማሪው ጀርመንኛና ባቡር ውስጥ የምትሰሚው የስዊስ ጀርመንኛ አይመሳሰሉም። አንቺ ስለሰነፍሽ አይደለም፣ ሁላችንም እንዲያ ሆነን ነው።

ከሁሉ በላይ የማስብልሽ ስለ 11 ዓመቱ ልጅሽ ነው። በዚህ ካንቶን ከ6ኛ ክፍል በኋላ ልጆቹ በደረጃ ይከፋፈላሉ። ጊምናዚየም የሚሉት ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ለመግባት ፈተና አለ፤ ፈተናው ላይ ጀርመንኛ አለ። ገና የመጣ ልጅ ያንን ማለፍ ይከብደዋል። አስተማሪው ዝቅተኛውን ክፍል ሊጠቁምሽ ይችላል። የኔ ትልቁ ልጅ ላይ ይህ ደርሶ ዓለም የጨለመብኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሌረ የሚሉትን የሙያ ትምህርት ገባ፤ እየሠራ ይማራል፣ ደመወዝም ያገኛል። እዚህ ከወጣቱ ብዙው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ከሱም ወደ ኮሌጅ መሻገሪያ አለው። አሁን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ እኔም ኮርቼበታለሁ። ግን ያኔ የሚያስረዳኝ ባገኝ ኖሮ ልጁን በጭቅጭቅ አላሰቃየውም ነበር። ደግሞ ለዜግነት 10 ዓመት ያስፈልጋል፤ ከ8 እስከ 18 ዓመቱ የኖረው ግን እጥፍ ይቆጠርለታል።

ትምህርት የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኦገስት ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ ነው። ባለቤትሽ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ከቻላችሁ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ እንድትገቡ አድርጉት። ልጁ ከክረምቱ ዕረፍት በፊት ጥቂት ሳምንት ክፍል ገብቶ የሚጫወተው ልጅ ያገኛል፣ ከዚያ ዕረፍቱን ሜዳ ላይ ያሳልፋል። ዊንተርቱር ወይም ዙሪክ ከሆናችሁ እዚሁ ጻፊልኝ። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ አብረን እናነባታለን።