ወይራ ዘርቼ አልበቀለልኝም ላሉት አርሶ አደር

ጋሼ ሰላም ነዎት፣ ከመርጦ ለማርያም አካባቢ የላኩትን ጥያቄ አይቼዋለሁ። የማሳዎን ዳር የያዘውን ባሕር ዛፍ አንስተው አገር በቀል ወይራ ሊተኩበት አስበው፣ ከቤተክርስቲያን ግቢ ለቅመው የዘሩት ፍሬ አንድም ሳይወጣ ክረምቱ አለፈ፣ ዘሩ ሞቶ ነው ወይስ አፈሩ ነው ነው ያሉት።

አብዛኛውን ጊዜ ዘሩ አይሞትም ጋሼ፣ ችግሩ ፍሬው ውስጥ ያለው ጠንካራ ቅርፊት ነው፣ ውሃ ቶሎ አያስገባም ስለዚህ እንዳለ ከተቀበረ ወራት ሊቆይ ይችላል። ፍሬውን ጠቁሮ ሲበስል ከዛፉ ላይ ይልቀሙ፣ ሥጋውን በአሸዋና በውሃ አሽተው ያጥቡና ጥላ ላይ ያድርቁት። ከዛ በድንጋይ ቀስ ብለው ቅርፊቱን ብቻ ስንጥቅ ያድርጉት፣ ውስጡ እንዳይጎዳ ይጠንቀቁ፣ ሁለት ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው አፈር የሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ይዝሩት።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ባሕር ዛፉ ቢቆረጥም ጉቶው ስለሚያቆጠቁጥና ውሃውን ስለሚሻማ እዛው አጠገቡ የተተከለ የወይራ ችግኝ ይጎዳል፣ ጉቶው ተነቅሎ ካላለቀ ራቅ አድርገው ይጀምሩ። ደግሞ ሜዳ ላይ ለብቻው አይትከሉት፣ ደደሆ ወይም ሌላ ቁጥቋጦ ካለ ሥሩ ጥላው ውስጥ ይትከሉት፣ በሰሜኑ ደረቅ ተራራ ላይ ቁጥቋጦ ሥር የተተከለው ወይራ ፀሐይ ላይ ከተተከለው በተሻለ ሁኔታ ሲተርፍ ታይቷል፣ ቁጥቋጦው ከፍየልም ይጋርደዋል። ፍየል ቅጠሉን በጣም ነው የምትወደው፣ ዛፉ ካደገ በኋላማ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ስለማይራገፍ በጋ ላይ ሣር ሲጠፋ ቅርንጫፉ ለከብት መኖ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ወይራ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ባሕር ዛፍ በ5 ዓመት አካባቢ አጣና ሆኖ ይሸጣል፣ ወይራ በዛ ጊዜ ገና ልጅ ነው፣ ስለዚህ ቤቱ ገንዘብ እንዳያጣ ባሕር ዛፉን በአንዴ አያጥፉት፣ ከእርሻው ራቅ ያለ ጥግ ላይ የተወሰነ ይተዉ። ወይራ ለሌላ ነገር ነው፦ እንጨቱ ከባድና ጠንካራ ነው ምስጥም ቶሎ አይበላውም፣ ለአጥር ቋሚ፣ ለመጥረቢያና ለዶማ ዛቢያ፣ ለዱላ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ ማጠኛውንማ ባለቤትዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ለዛ ደግሞ ዛፍ መጣል አያስፈልግም የደረቀ ቅርንጫፍ ይበቃል። አበባውንም ንብ ይቀስመዋል፣ ቀፎ ካለዎት አጠገቡ ያስቀምጡ።

ችግኙ ፕላስቲክ ውስጥ ብዙ ወር ስለሚፈልግ ለመጪው ክረምት ላይደርስ ይችላል፣ ትንሽ ከሆነ አያስወጡት አንድ ዓመት ይጨምሩለት፣ ሲተክሉ ደግሞ ዝናቡ በደንብ ሲይዝ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ያድርጉት።