የነፍሰ ጡሮች ኪኒን፦ ከሰሜን ሸዋ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

በእርግዝና ክትትል ላይ ስለሚሰጠው ኪኒንና ከመድኃኒት ቤት ስለሚገዛው ቪታሚን ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኛው ከሰሜን ሸዋ የመጣ ነው። ጥቂቶቹን መርጫለሁ።

ከጫጫ፦ «የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝ ኪኒን ያቅለሸልሸኛል። ሰገራዬም ጠቁሯል። ባቆመው ምን ይለኛል?»

አታቁሚው እህቴ። የሰጡሽ ደም የሚሠራው ማዕድን አይረንና ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቪታሚን አንድ ላይ ያለው ነው። በአገራችን የሚታደለው አብዛኛውን ጊዜ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል። የሚዋጠው በቀን አንድ ነው። ሰገራሽ የጠቆረው ሰውነትሽ ያልተጠቀመበት አይረን ስለሚወጣ ነው። አያስደነግጥም። ሆድሽን እየቆረጠሽ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ከሆነ ግን ቶሎ ታዪ።

ማቅለሽለሹ ያስመርራል። ማታ ልትተኚ ስትዪ፣ ትንሽ ነገር ቀምሰሽ ዋጪው። ብዙ ሴቶች በዚህ ብቻ ይቀላቸዋል። የሆድ ድርቀት ከመጣ ውሃ አብዢ። ጎመንና ባቄላ፣ የገብስ ቆሎና በሶ ቤትሽ አይጠፋም፤ ለድርቀት ጥሩ ናቸው። በዚህም ካልተሻለሽ ለአዋላጇ ንገሪያት።

አልጠየቅሽኝም እንጂ ስለ ቡናም ልንገርሽ። በጫጫ ብርድ ያለ ቡና መዋል ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደምሽ እንዳይገባ ይይዙታል። ኪኒኑን ውጠሽ ወዲያው አቦል ከጠጣሽ፣ የዋጥሽው ብዙው ከንቱ ይቀራል። ቢያንስ የአንድ ሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። ወተትም እንዲሁ ነው። ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ብትውጪው ደግሞ ሰውነትሽ የተሻለ ይቀበለዋል። በቀን ሦስቴ እየተፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባለውን ግን እስክትወልጂ ድረስ ቀንሺው። የበዛ ቡና ለጽንሱም አይበጅም።

ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ፦ «የልጄ ሚስት ስድስት ወሯ ነው። ኪኒኑ ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ያስቸግራል ይላሉ ጎረቤቶች። እኔ ልጆቼን ሁሉ ያለ ኪኒን ነው የወለድኩት። ባትወስድ አይሻልም?»

እናቴ፣ ስለ እሷ ተጨንቀው መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። እርስዎም በሰላም ስለተገላገሉ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ወሬ በየቦታው እሰማዋለሁ። በዚህ ምክንያት ኪኒኑን ከትራስ ሥር ደብቀው የሚያስቀምጡ ሴቶች አሉ።

አይረን ልጁን አያገዝፈውም። ሥራው ደም መሥራት ነው። ልጁም እንግዴ ልጁም ድርሻቸውን የሚወስዱት ከእናትየው ነው፤ ካልተተካላት እሷ ትጎዳለች። ምጥ የሚያስቸግረው ልጁ በአግድም ሲተኛ፣ የእናትየው ዳሌ ሲጠብ፣ ወይም ምጡ ራሱ ሲደክም ነው። ኪኒኑ ከእነዚህ ውስጥ የለበትም።

ስትወልድ ደግሞ ደም ይፈሳታል። ደሟ የሞላ ሴት ትቋቋመዋለች። ደም ያነሳትን ግን ያው መፍሰስ ሊገድላት ይችላል። ከእናንተ አካባቢ አንዳንድ ቀበሌ ተነስቶ ሆስፒታል ለመድረስ ሰዓታት ይፈጃል፤ ክረምት ሲሆንማ ይብሳል። ስለዚህ ደሟ ከአሁኑ ይሙላ። ማታ ማታ «ኪኒንሽን ዋጥሽ ወይ?» ብለው ቢያስታውሷት ከእኔ ምክር ይልቅ የእርስዎን ትሰማለች።

አንድ ነገር ደግሞ ያስተውሉላት። አፈር ወይም የግድግዳ ጭቃ ካማራት አይቆጧት። የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለምርመራ ይዘዋት ይሂዱ።

ከእነዋሪ፦ «እህቴ ከዱባይ የቪታሚን ብልቃጥ ላከችልኝ። ከጤና ጣቢያው ኪኒን ጋር ደርቤ ልውሰድ?»

ሳታሳዪ አትደርቢ። ብልቃጡን እንዳለ ይዘሽ ለሚከታተልሽ ባለሙያ ስጪ። ውስጡ አይረን ካለ እጥፍ እየወሰድሽ ነው ማለት ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ቪታሚን ኤ ነው። «ሬቲኖል» ተብሎም ይጻፋል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲበዛ የጽንሱን አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። ለነፍሰ ጡር በቀን ከ10,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት (IU) ማለፍ የለበትም። የዓሣ ጉበት ዘይትም በዚህ የተሞላ ስለሆነ ይቅርብሽ። ጉበት መብላትም አታዘውትሪ። ካሮት፣ ዱባና ጎመን ውስጥ ያለው ዓይነት ግን እንዲህ አይጎዳም፤ እንደልብሽ ብዪ።

ካልሲየም ከታዘዘልሽ ከአይረኑ ጋር አብረሽ አትዋጪው፤ አንዱ ሌላውን ያግደዋል። አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ አድርጊው።

ከደብረ ብርሃን፦ «ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ሄሞግሎቢኗ 11.5 ነው፣ ደህና ናት ተባልን። ለማንኛውም ብዬ ከፋርማሲ የደም ሽሮፕ ልግዛላት?»

ሽሮፑን አትግዛ ወንድሜ። ግን ውጤቱን መልሰህ ጠይቅ። ነፍሰ ጡር ደም አነሳት የሚባለው በጥቅሉ ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ከ11 በታች ሲሆን ነው። ይህ ልክ ግን ቆላ ለሚኖር ሰው የወጣ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሰው ሄሞግሎቢን ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ውጤቱ የቦታው ከፍታ ታስቦበት ይነበብ ይላል። ስለዚህ እናንተ ጋ 11.5 ደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል «ከፍታውን አስባችሁበታል?» ብለህ ጠይቅ። አይረኑ መጨመር ካለበት መጠኑን እነሱ ይወስናሉ። እስከዚያው የዕለት ኪኒኗን አታቋርጥ።

ከደብረ ሲና፦ «ፍልሰታን እየጾምኩ ኪኒኑን ብወስድ አይበቃኝም?»

አይበቃሽም። ኪኒኑ የምግብን ቦታ አይተካም። ለልጅሽ ነርቭ የሚያስፈልገው ቪታሚን ቢ12 በሥጋ፣ በእንቁላልና በወተት ነው የሚገኘው፤ ይህ ኪኒን ደግሞ እሱን አልያዘም። የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ለነፍሰ ጡር ጾም ይቃለላል፤ ይህንን መጠየቅ ሊያሳፍርሽ አይገባም።

ከሸዋ ሮቢት፦ «ገና አላረገዝኩም፣ ግን እያሰብን ነው። ፎሊክ አሲድ ከመቼ ልጀምር?»

ከአሁኑ። የልጁ የአንጎልና የአከርካሪ መሠረት የሚዘጋው ከተጸነሰ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት ውስጥ ነው። ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። በቀን 400 ማይክሮ ግራም ይበቃል። ከዚህ በፊት አከርካሪው ክፍት የሆነ ልጅ ወልደሽ ከነበረ ግን ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልግሽ ሐኪም ይዘዝልሽ።

ከአረርቲ፦ «የሁለት ዓመት ልጄ የአይረን ኪኒኔን ከረሜላ መስሎት ይዞ አገኘሁት። ይጎዳዋል?»

በጣም። ጥቂት ፍሬ እንኳ ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ኪኒንሽን ቁጠሪ። የጎደለ ካለ፣ ወይም ከጠረጠርሽ፣ ልጁ ደህና ቢመስልም አሁኑኑ ሆስፒታል ይዘሽው ሩጪ፤ መጀመሪያ አስመልሶት ቆይቶ የተሻለው መስሎ ሊያታልልሽ ይችላል። ማሸጊያውንም ይዘሽ ሂጂ። ከእንግዲህ ኪኒኑ የሚቀመጠው ተቆልፎ፣ እጁ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ነው።