ኔትወርክ እምቢ ሲል ከቅርብ ጀምሩ፦ የሊኑክስና የማክ ጥያቄዎቻችሁ

ዛሬ ከሰዓት አራት ኪሎ ቁጭ ብያለሁ። የኔትወርክ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ቢሮዬ ኡቡንቱ ላፕቶፔ ዋይፋይ ይዟል፣ ግን ምንም አይከፍትም። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም ወንድሜ! ስንቱ ለዚህ ብሎ ፋይሉን አጥቷል። ከቅርብ ወደ ሩቅ ሂድ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «አይፒ ራውት» (ip route) ስትል «ዲፎልት» ከሚለው ጎን የራውተርህ ቁጥር አለ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። እሱን ፒንግ አድርግ፤ ማለትም «ping» ብለህ ቁጥሩን ጻፍና «አለህ ወይ?» በለው። ከመለሰ እስከ ራውተሩ ሰላም ነው። ቀጥሎ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግል ቁጥር፣ 8.8.8.8ን፣ ፒንግ አድርግ። እዚህ ዝም ካለ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ዋይፋይ ስልክህም እምቢ ካለ ላፕቶፑን አትነካካው። ቁጥሩ መልሶ የድረ ገጽ ስም ግን ካልሠራ፣ ጉዳዩ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው። ሴቲንግ ገብተህ ዲኤንኤሱን 1.1.1.1 (የክላውድፍሌር ነው) አድርገው።

ጥያቄ፦ ሦስተኛው፣ ዲኤንኤሱ ነበር፤ ቀየርኩት፣ ሠራ! እግዜር ይስጥልኝ።

መልስ፦ አሜን፣ ተመስገን።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነኝ። አይማኬ በኬብል ነው፤ አይፒው በ169.254 ይጀምራል።

መልስ፦ እህቴ፣ ማሽኑ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪ። ካልሆነ የኬብሉን ጫፍ እዪው። እኔ ጋ አንዴ ያቺ የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራ፣ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር የሶኬቷ መብራት ትበራ ትጠፋ ነበር። ግማሽ ቀን ሶፍትዌር ስፈትሽ ዋልኩ።

ጥያቄ፦ ዋይፋይ ጭራሽ አይታይም።

መልስ፦ ሊኑክስ ከሆነ ተርሚናል ላይ «አርኤፍኪል ሊስት» (rfkill list) በል፤ ዋይፋዩ ተዘግቶ እንደሆነ ያሳይሃል። «ሶፍት ብሎክድ» ጎን «የስ» ካለ፣ «አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» (rfkill unblock wifi) ብለህ ክፈተው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ፒንጉ ሁሉ ይሠራል፤ ብሮውዘሩ ግን ሰርተፊኬት እያለ ይከለክለኛል። አሮጌ ዴስክቶፕ ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ተርሚናል ላይ «ዴት» (date) ብለው ይጻፉ። ዓመቱ ስንት ይላል?

ጥያቄ፦ 2010።

መልስ፦ ተገኘ! የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ መብራት ሲሄድ ቀኑን ይረሳል። ማሽኑ 2010 ላይ ነኝ ስለሚል የዛሬ ሰርተፊኬት (የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው፣ የመጀመሪያና የማብቂያ ቀን ያለው) ገና ያልጀመረ ይመስለዋል። ቀኑን ሲያስተካክሉ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። በእኛ ዓመተ ምሕረት ከሞሉት 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይቀርና ያው ችግር ይመለሳል። ባትሪዋ ብዙ ጊዜ ሳንቲም የምታክል፣ CR2032 የተጻፈባት ናት። አሮጌዋን ይዘው ይሂዱና አምሳያዋን ይግዙ።