«ማይ ኮምፒውተር» ጠፋ ብለው ፎርማት አያስደርጉ

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ይህን ጽፈውልኛል፦ «ማታ ዝናቡ ሲጀምር መብራት ሄደ። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍተው ማይ ኮምፒውተር የምትለዋ ምልክት የለችም። የልጄን የሰርግ ፎቶ የማየው በእሷ ገብቼ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ አይቶ ‹ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም› አለኝ። ምን ይሻለኛል?»

ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት ፎርማቱን፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫኑን፣ ያስቁሙልኝ። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ብዙ ሰው ለማንኛውም የኮምፒውተር ችግር የሚያውቀው መድኃኒት እሱን ስለሆነ ነው። ከጣና የተነሳ ነፋስ የአንድ ሱቅ ታፔላ ቢጥል፣ ዕቃው መደርደሪያው ላይ ነው። አይከኗም፣ ማለትም የጠፋችብዎት ምልክት፣ ታፔላ ናት። ፎርማት ግን መደርደሪያውን ራሱን ሊጠርገው ይችላል።

ልብዎ እንዲያርፍ መጀመሪያ ፎቶዎቹን እንፈልጋቸው። ኪቦርዱ ላይ ከታች በግራ በኩል የመስኮት ሥዕል ያለባት ቁልፍ አለች። እሷን ተጭነው ሳይለቁ የእንግሊዝኛዋን «ኢ» ይንኩ። ከላይኛው የፊደል ረድፍ ከግራ 3ኛዋ ናት። አንድ መስኮት ይከፈታል። በግራ በኩል «ዚስ ፒሲ» የሚል ያገኛሉ። የድሮዋ ማይ ኮምፒውተር እሷ ናት፤ ከዊንዶውስ 8.1 ወዲህ ስሟ ተቀየረ። እሷን ይክፈቱ፣ ከዚያ «ሲ»ን፣ ከዚያ «ዩዘርስ» የሚለውን ፎልደር፣ ከዚያ በስምዎ ያለውን። ፎቶዎቹ «ፒክቸርስ» ወይም «ዴስክቶፕ» ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። «ዲ» የሚል ክፍልም ካለዎት እሱንም ይዩት።

ፎቶዎቹን ካገኙ፣ አይከኗን መመለስ የ2 ደቂቃ ሥራ ነው። ዴስክቶፑ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲከፈት መጀመሪያ በሚታየው ገጽ ላይ፣ ባዶ ቦታ ፈልገው ራይት ክሊክ ያድርጉ። «ፐርሰናላይዝ» የሚለውን ይጫኑ፣ ከዚያ «ቲምስ»ን። አሁን የሚፈልጉት «ዴስክቶፕ አይከን ሴቲንግስ» የሚለውን ነው። ብዙ ሰው ግራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ መስኮቱ ሰፋ ብሎ ከተከፈተ ጽሑፉ በስተቀኝ ይታያል፤ ጠበብ ካለ ግን ወደ ታች ስለሚሄድ እስከ መጨረሻው ማውረድ አለብዎት። ዊንዶውስ 11 ላይ ከታች ነው። ሲጫኑት 5 ትንንሽ ሳጥኖች ያሉት ካርድ የመሰለ ነገር ይመጣል። «ኮምፒውተር» የሚለው ሳጥን ላይ ቲክ ያድርጉ፣ «አፕላይ»ን፣ ከዚያ «ኦኬ»ን ይጫኑ። አይከኗ ወዲያው ትመጣለች። ስሟ ካልተመቸዎት አንዴ ነክተዋት «ኤፍ 2»ን ይጫኑና የፈለጉትን ይጻፉ። በአማርኛ ቢጽፉም ይቀበላል።

ይህችን ልብ ይበሉልኝ። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ፣ አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ማይ ኮምፒውተር በራሷ አትወጣም። ከዊንዶውስ የራሱ አይከኖች መጀመሪያ የሚታየው ሪሳይክል ቢን ብቻ ነው። ስለዚህ ፎርማት አስደርገው ቢመለሱ እንኳ አይከኗ አትኖርም ነበር። እንደገና ያንኑ ቲክ ማድረግ ይጠበቅብዎታል።

አንድ አይከን ብቻ ሳይሆን ሁሉም ከጠፋ፣ ባዶ ቦታው ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ቪው» ውስጥ «ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ» የሚለውን መልሰው ይምረጡት። ልጆች ሲነካኩ በብዛት የሚጠፋው እሱ ነው።

እርስዎን ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከጀርባ ያለው ሥዕልስ ተቀይሯል? የለመዱት ፎቶ ሄዶ የዊንዶውሱ ሥዕል ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። መብራት በድንገት ሲቋረጥ የእርስዎን ፕሮፋይል፣ ማለትም በስምዎ የተቀመጠውን የኮምፒውተሩን አቀማመጥ፣ የያዘው ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ያኔ ዊንዶውስ ጊዜያዊ ፕሮፋይል ከፍቶ ያስገባዎታል። ሁሉም ነገር አዲስ ይመስላል። በግራ በኩል ያለውን «ፒክቸርስ» ሲከፍቱትም ባዶ ነው፤ ሰው የሚደነግጠው ይሄኔ ነው። አይደንግጡ። ቅድም በነገርኩዎት መንገድ በ«ሲ» በኩል «ዩዘርስ» ውስጥ ሲገቡ የእርስዎ ስም ያለው ፎልደር እዚያው ይጠብቅዎታል። አጠገቡ «ቴምፕ» የሚል ካዩ ጊዜያዊው እሱ ነው። እዚያ ውስጥ ምንም ሴቭ አያድርጉ፤ ሲወጡ ይጠፋል። ከዚያ «ሪስታርት» ያድርጉት። «ሻት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት» ይሁን፤ ብዙ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ የሚነሳው በሪስታርት ነው። አንዳንዴ በዚሁ ብቻ ይስተካከላል።

ይህን ያህል የምወተውተው ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንዲት እናት ኮምፒውተራቸውን ይዘው መጡ። በተመሳሳይ ምክንያት ሌላ ቦታ ፎርማት ተደርጎላቸው፣ አዲስ ዊንዶውስና ፊልም ተጭኖበት ነበር። የሟች ባለቤታቸውን ፎቶ ነበር የሚፈልጉት። ሁለት ቀን ሙሉ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ የሪከቨሪ ፕሮግራም ፈለግሁ። ጥቂቱን አገኘሁ። አንደኛው ፎቶ ላይ ሰውየው ፊታቸው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ከደረታቸው በታች ግን ግራጫ ነው። እናትየው እሱኑ አሳጥበው ወሰዱ።

ስለ መብራቱም አንድ ነገር። ስታቢላይዘር አለኝ ብለው እንዳይዘናጉ። ስታቢላይዘር የመብራቱን ከፍና ዝቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን አያቆይም። ለዚያ የሚሆነው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። በሥነ ሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጥዎታል። የሰርግ ፎቶውን ደግሞ ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ኮፒ ያድርጉት። አንድ ፍላሽ ለልጅዎም ይስጡ፣ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ሪስታርት አድርገውም ጊዜያዊው ፕሮፋይል አልሄድ ካለ፣ ኮፒውን ከጨረሱ በኋላ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ሲያስረክቡ እንዲህ ይበሉ፦ «ፕሮፋይሌን አስተካክልልኝ። ሲ ላይ ዩዘርስ ውስጥ በስሜ ያለውን ፎልደር እንዳትነካብኝ። ፎርማት አላደርግም።»