«ሰነፍ ጋዝ» ወይስ «የከበረ ጋዝ»?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ተማሪዎቼ እነሂሊየምንና ኒዮንን «ሰነፍ ጋዞች» ይሏቸዋል። መጽሐፉ «ኖብል ጋዞች» ይላል። በአማርኛ ማን ልበላቸው?

መልስ፦ «ኖብል» የከበረ ማለት ነውና «የከበሩ ጋዞች» ይበሏቸው። ነገሩ ከቆየ ቁጭቴ ጋር ስለገጠመ ትንሽ ላብራራው።

ግእዙ ከብረ፣ አማርኛው ከበረ ነው። የዐረብኛው «ከቢር»፣ ትልቅ ማለት ነው፣ ዘመዳቸው ነው። አማርኛ ግን አንድ ፍቺ ጨምሮበታል። «እገሌ ከበረ» ስንል ሀብታም ሆነ ማለታችን ነው። የከበረ ሰው ብድር አይሻም። እነኒዮንም እንደዚያው ናቸው። አተሞች የሚተሳሰሩት በመጨረሻው ምሕዋራቸው ያሉትን ኤሌክትሮኖች፣ ቫሌንስ የሚባሉትን፣ ሲሰጣጡ ወይም ሲጋሩ ነው። የኒዮን የመጨረሻ ምሕዋር ግን በ8 ኤሌክትሮን ሞልቷል። ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሲሞላ አይተው ይሆናል፤ ቀዛፊው ከዚያ በኋላ አንድ ሰው እንኳ አይጨምርም። ሂሊየም የሚሞላው በ2 ነውና «ሁሉም 8 አላቸው» ብለው እንዳያስጠኑ።

ምሕዋርን በሐመሩ ሐ ይጻፉልኝ። ሖረ፣ ማለትም ሄደ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ መሄጃ ማለት ነው። ሐዋርያም የዚያው ግሥ ልጅ ነው።

«ክቡር ለሰው እንጂ ለጋዝ አይሆንም» የሚሉ አሉ። ታዲያ ወርቅን «የከበረ ማዕድን» ስንል ማን ተቃወመን? የጋዞቹ ስም ራሱ በዚያው መንገድ የመጣ ነው። ጀርመናዊው ሁጎ ኤርድማን እ.ኤ.አ. በ1898 ስሙን ሲያወጣ፣ እንደ ወርቅ ካሉት ከማይዝጉት ማዕድናት ጋር አመሳስሎ ነው።

«ሰነፍ» መሠረት የለውም አልልም። ከእነዚሁ ጋዞች የአንዱ፣ የአርጎን፣ ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው ሰነፍ፣ ሥራ ፈት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1962 ኬሚስቱ ኒል ባርትሌት ከጋዞቹ አንዱን፣ ዜኖንን፣ ከፕላቲነምና ከፍሎሪን ጋር አዋሕዶ፣ ፈጽሞ የማይዋሐዱ አለመሆናቸውን አሳየ። ያ ባይሆንም እንኳ እኔ ቃሉን አልወደውም። አማርኛ ሰነፍ ሲል ይወቅሳል፤ ሞልቶለት ዝም ያለ ነገር ደግሞ አይወቀስም።

ፈተና ላይ «ኖብል ጋዝ» ብለው ይጻፉ። ቃሉ ክፍል ውስጥ ሥር ሰዷል፤ ልቤ ባይፈቅድም እቀበላለሁ። ሰሌዳው ፊት ቆመው ሲያስረዱ ግን «የከበሩ» ይበሉልኝ።