የአባዬ አዳራሽና የአጎቴ ዋርካ

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ሠርጌ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። እጮኛዬም እኔም አዳራሽ አንፈልግም። አጎቴ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ መውጫ ላይ እርሻ አለው። ማንጎ አለ፣ ፓፓያ አለ፣ መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ቆሟል። ድግሱን እዚያ እናድርገው ብለናል። ቀለል ያለ፣ ግን ዓይን የሚስብ እንዲሆን ነው የምንፈልገው።

ችግሩ አባዬ ነው። «እኛ ከዳስ ወጥተን አዳራሽ ለመግባት ስንት ዓመት ፈጀብን፤ አንቺ መልሰሽ ዳስ ልትከቺን ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሠርጉ ነገር ሲነሳ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። እማዬ መሀል ላይ ተጨንቃለች። የእሷ ወገን ሙስሊም ነው፣ የአባዬ ክርስቲያን፤ ሁሉም ይጠራል። ወደ 300 ሰው ይሆናል።

ዴኮር የሚሠራው ልጅ ደግሞ ነጭ ምንጣፍ፣ የፕላስቲክ አበባ ቅስት፣ ስቴጅ ከነሶፋው ብሎ ዋጋ ነገረን። ከአዳራሹ ኪራይ በለጠ! አሁን እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ልተወው ወይስ ልግፋበት?

ግራ የገባት ሙሽራ፣ ከደሴ

*

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። አትተዪው። የዴኮሩን ልጅ ግን አመስግነሽ ሸኚው። እሱ እርሻው ላይ አዳራሽ ሊተክልልሽ ነው የመጣው። አዳራሽ ካማረሽማ አባትሽ መርጠውልሽ የለ?

አባትሽ የሚሉትን እኔ እንዲህ ነው የሰማሁት። እንግዳዬን ፀሐይ ይመታዋል። አቧራ ይቅማል። መጸዳጃ ቤት ያጣል። ከዚያ «ጠርቶ አንገላታን» እባላለሁ። የሰጉት ለስማቸው ነው፣ ሰውየው ደግሞ ልክ ናቸው። ስለ አበባ አትከራከሪያቸው። ስለ እንግዳው አሳምኛቸው።

ከመጸዳጃ ቤቱ እንጀምር፤ አትሳቂ። የእህቴ ልጅ ስትዳር ድግሱ ሜዳ ላይ ነበር። ድንኳኑማ እንዴት ያምር ነበር። ለ200 ሰው የነበረው ግን አንዲት የቆርቆሮ መጸዳጃ ቤት ናት። የሙሽራው አያት ከዘራቸውን ይዘው ከሚዜዎቹ ኋላ ሲሰለፉ አየሁ። ያን ቀን ስለ ድንኳኑ ያወራ ሰው አልሰማሁም። እኔ ለ50 ሰው አንድ እላለሁ፤ ለእናንተ ስድስት። አጎትሽ ቀደም ብሎ ያስቆፍር፣ ዙሪያው በአዲስ ሸራ ይጋረድ፣ የሴትና የወንድ ይለይ። በር ላይ ቧንቧ ያለው በርሜል፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ፎጣ። የፕላስቲክ አበባው ገንዘብ እዚህ ይግባ።

ቀጥሎ ሙቀቱ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። 25 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ 650 ሜትር ትወርጃለሽ ማለት ነው። የደሴ አክስቶችሽ በጥር ብርድ ሹራብ ደርበው ይነሱና እርሻው ሲደርሱ ይቀልጣሉ። ስለዚህ ጥላ ያስፈልጋል። ዋርካው ሽማግሌዎቹን ይያዝ። ሌላው ሰው ዳስ ይግባ። አዎ፣ ዳስ! ግን የባሕር ዛፍ ምሰሶው ቀጥ ያለ፣ ጣሪያው ቅጠል፣ ጎኑ ክፍት። ደህና ተደርጎ የተሠራ ዳስ ከኪራይ ድንኳን ይቀዘቅዛል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ሻማ ብቻ እንዳይገባበት አደራ። የደረቀ ቅጠልና ሻማ አንድ ላይ አይታሰብም።

ምሳውን ሰባት ሰዓት አድርጊው። በጥር ፀሐይ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ብዙም አትቆይም። የደሴ እንግዳ የሐረጎን ዳገት በጨለማ፣ ጉም ከወረደ ደግሞ በጉም፣ እየተጠማዘዘ እንዲወጣ አታድርጊ። 11 ሰዓት ላይ መኪናዎቹ ይነሱ። ለመመለሻው ጋቢ ያዙ በይ፤ ሐረጎ ጫፍ ላይ ያመሰግኑሻል።

አሁን ዋናው፣ ወጥ ቤቱ። ወሎዬ ነሽና እኔ አልነግርሽም፣ ግን ሜዳ ላይ ነገሩ ከቤት ይከብዳል። ቤት ውስጥ ግድግዳ አለ፤ እርሻ ላይ ሁሉም ይደበላለቃል። ሁለቱን ወጥ ቤት በዋርካው ግራና ቀኝ አራርቂያቸው። ሁለት በሬ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት ብቻ አይበቃም። ጭልፋው፣ ሰሃኑ፣ እጅ ማስታጠቢያው ሳይቀር ይለይ። የሙስሊሙን ወጥ ቤት ከእናትሽ እህቶች አንዷ ትቁምበት። ቁልፉም ትእዛዙም የእሷ ይሁን፤ «ጭልፋ አበድሩን» የሚል እንኳ እንዳይጠጋ። አንድ ጭልፋ ከተሻገረ የግማሹ ሰው ምሳ ቀረ ማለት ነው፤ ይሉኝታ ይዞት ምንም አይልሽም፣ ግን አይበላም። ጠላና ጠጁ በአንድ ወገን፣ ቀሪቦና ብርዙ በሌላው ይሁን። ከዳሱ ዞር ብሎ ጥላ ያለበት ቦታ ምንጣፍ አስነጥፊ፣ ውኃ አስቀምጪ። የዙሁር ሶላት ምሳ ላይ ይደርሳል፣ አሱርም እዚያው ያገኛቸዋል።

ዕቃውን ለመከራየት አትሩጪ። መጀመሪያ አባትሽን «ቅሬያችን (ዕድራችን) ምን ያህል ድስትና አግዳሚ አለው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ሆን ብዬ ነው። የቅሬው ሰው ካገዘ ድግሱ የእሳቸው ይሆናል።

ስለ አጎትሽም ላንሳ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ እርሻ እንጂ ሰው አልመሰሉኝም። ማሽላው በጥር ተሰብስቦ ያልቃል። በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም ካለስ? 300 ሰው ሲረማመድበት ምን ይተርፋል? ሚኒባሶቹ የት እንደሚቆሙ እሳቸው ያሳዩሽ፣ ያም ቦታ በገመድ ይከለል። የሚበላሽ ነገር ካለ ከሠርጉ በፊት ተነጋገሪና ክፈዪ፤ «ግድየለም» ቢሉሽም ክፈዪ። ቀፎ ካላቸው ጀነሬተሩም ድምፅ ማጉያውም ከዚያ ይራቅ። ንብ ሙዚቃ አትወድም።

ውበቱን ጠይቀሽኝ ስለ መጸዳጃ ቤት አወራሁ አይደል? ውበቱማ እዚያው አለ። መሬቱ ላይ ቄጤማ ጥቅጥቅ ብሎ ይጎዝጎዝ፤ የሂል ጫማም እንዳይሰምጥ ይረዳል። የማሽላ ራስ አጎትሽ ከመውቃታቸው በፊት አሁኑኑ አስቀሪ። ቀዩንም ነጩንም። በማድጋና በእንስራ ውስጥ ቁመቱን ለቀቅ አድርገሽ ስታቆሚው ምን እንደሚመስል ታያለሽ፤ ከአዲስ አበባ በበረዶ ከሚመጣ ጽጌረዳ ይልቅ ለቦታው ይመጥናል። ጠረጴዛው ላይ ጥለት ያለው የሽመና ጨርቅ፣ መሀሉ ላይ በትንሽ ማሰሮ አሪቲና አደስ። ሰው ሲቀመጥ እጁ ይነካዋል፣ ሽታው ይነሳል። ከዚህ በላይ አትጨምሪ። መቀመጫችሁ ከዋርካው ግንድ ፊት ይሁን፤ ከኋላችሁ ቅስት አያስፈልግም፣ ዛፉ አለ። ነጩን ምንጣፍ እርሺው። በኮምቦልቻ አቧራ ገና ከቤትሽ ሳትወጪ ቡናማ ይሆናል።

አባትሽን ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ይዘሻቸው ውረጂ። ሬዲዮኑ ቤት ይቅር። ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ዋርካው ሥር አቁሚያቸውና ጥላው እስከየት እንደሚሄድ አሳዪያቸው። ከዚያ ሚስማርና ገመድ ስጪያቸው፤ ዳሱ የት እንደሚተከል እሳቸው ይለኩ። ለኩም አልለኩም ጻፊልኝ።